በሳሌሃ ስም

ማክሰኞ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ከኢንግሪድ ደብዳቤ መጣ። ኢንግሪድ የምንሠራውን የሕፃናት ልብስና መጠቅለያ ወስዳ በሀገሯ ላሉ ሱቆች የምታከፋፍል ሴት ናት። አራት ዓመት አብረን ስንሠራ በአካል ተያይተን አናውቅም። አሁን በኅዳር እመጣለሁ ትላለች። ሥራ ቤቱን፣ የጥጡን መጋዘን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳሌሃን ማየት ትፈልጋለች። "ደንበኞቼ ሁልጊዜ ስለ ሳሌሃ ይጠይቁኛል" ብላለች።

ለሴቶቹ ጮክ ብዬ ተረጎምኩላቸው። አጨበጨቡ። ልብስ ቆራጯ ብርቱካን እልል አለች። ፈቲሀ ብቻ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር መሰለኝ። ፈቲሀ የሳሌሃ ልጅ ናት።

ሐሙስ፣ መስከረም 30

ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጧል። በቅደም ተከተል ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል።

ሥራ ቤቱን ከስድስት ዓመት በፊት ስከፍት የማውቀው ስፌት ብቻ ነበር። ስለ ጥጥ ያስተማሩኝ እትዬ ሳሌሃ ናቸው። ባዘቶውን በሁለት ጣታቸው ሳብ ያደርጉና "ይኼን ዝናብ መትቶታል፤ ይኼን ደግሞ ቸኩለው ለቅመውታል" ይሉኝ ነበር። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፈታዮች ከመስቃን መንደሮች እየዞሩ ለምነው ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ሴቶቹ እኔን አያውቁኝም ነበር፤ እሳቸውን አምነው ነው የመጡት።

በየልብሱ ላይ የምናንጠለጥለው ካርድ የእሳቸው ፎቶ አለበት። ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ይህን ክር በእጇ የፈተለችው ሳሌሃ ናት። ጥጡ ያለ ኬሚካል የበቀለ ነው። ሳሌሃ በሥራዋ ደስተኛ ናት" ይላል። አንድ ቀን ካርዱን አንስተው "ምን ይላል?" ብለው ጠየቁኝ። "ስምዎ ነው" አልኳቸው። ሌላ ሰው ይጠራኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቸኩዬ ነበር።

እትዬ ሳሌሃ ከመጋቢት ጀምሮ አይመጡም። ዕድሜም አለ። ዓይናቸውም ደክሞ ነበር። በራሳቸው ፈቃድ አረፉ። አሁን ቆሼ፣ ከወንድ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት።

ካርዱ ግን ቀድሞ በብዛት ታትሞ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሸማኔዎቻችንን የሚመራው ምንተስኖት ነው። በአንድ ቸርች ነው የምናመልከው። ዛሬ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እሱ ቀረ።

"እህቴ ኑኃሚን፣ ሴትዮዋ መጋዘኑን ታያለች?"

"ታያለች።"

"ያንን ክር ታዲያ ወዴት እናድርገው?"

"የትኛውን ክር?" አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ወደ ምሳው ሄደ።

ያ ክር የፋብሪካ ክር ነው። ግንቦት ላይ ጥጥ የሚያመጡልን ገበሬዎች መንገድ ተዘግቶባቸው ሳይደርሱ ቀሩ። የእጅ ፈትሉም አነሰ። ልብሱ የሚላክበት ቀን ደርሶ ስለነበር ከአዲስ አበባ የፋብሪካ ክር አስመጣሁ። ለአንድ ጊዜ ብቻ። ሰኔ ላይም ለአንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ጊዜ ብቻ ማለቱንም ተውኩት። ጥጡ ምን ዓይነት መድኃኒት ተረጭቶበት እንዳደገ፣ ማን እንደለቀመው አላውቅም። አልጠየቅሁም።

የእጅ ፈትሉ ለምን አነሰ? እትዬ ሳሌሃ ሲቀሩ ሁለት ፈታዮች ተከትለዋቸው ስለቀሩ ነው። ለምን እንደቀሩ አልነገሩኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ወልቂጤ

ሥልጠና ላይ ነኝ። "ሰውን ያስቀደመ ንግድ" የሚል ነው። ከየከተማው የመጡ ጀማሪ ነጋዴዎች አዳራሹን ሞልተውታል። ተሞክሮዬን እንዳካፍል የተጋበዝኩት እኔ ነኝ። ስለ ሴቶቹ ተናገርኩ። ስለ ሽንኩርት ልጣጭና ስለ እርድ ቀለማችን ተናገርኩ። ከዚያ የእትዬ ሳሌሃን ታሪክ ነገርኳቸው፤ እንዴት እንዳስተማሩኝ፣ ፊታቸው ባሕር ተሻግሮ እንዴት እንደታወቀ። አንዲት ከጉንችሬ የመጣች ልጅ እንባዋ መጣ። በሻይ ሰዓት ተከትላኝ መጥታ "እኔም ሥራ ስጀምር እንደ እርስዎ ነው መሆን የምፈልገው" አለችኝ።

"ያንቺ ይበልጣል" አልኳት።

የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የምጽፈው። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ፊደሌ ተበላሽቷል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

መብራት ሁለቴ ጠፋ። የሽንኩርት ልጣጭ አልቋል። ብርቱካን ምግብ ቤቶቹን ዞራ አንድ ጆንያ አመጣች። የውሃ ገንዳው ያፈሳል። ግድግዳ ኖራ ይቀባ። ምሳ አልበላሁም። የሴትዮዋ መምጫ አራት ሳምንት ቀረው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ከቸርች ስንመለስ ሽፈራው፣ ባለቤቴ፣ በእግር እንሂድ አለ። አስተማሪ ነው፤ ሲጠይቅም እንደ ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

"ለምን አሁኑኑ ለኢንግሪድ አትጽፊላትም? እንዲህ ሆነ፣ ተቸገርን፣ የፋብሪካ ክር አስገባን በያት።"

"አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው ከዚህ ሥራ የሚበላው፣ ሽፈራው።"

"አውቃለሁ። የምትሰጊው ለእነሱ ነው ወይስ ለስምሽ?"

እርምጃዬን አፍጥኜ ቀደምኩት። ሴት ከባሏ ሌላ ነገር ነው የምትጠብቀው። የሚያናድደኝ ደግሞ ጥያቄውን ጥያቄ ብቻ አድርጎ መተዉ ነው። እሱ ረስቶት ራዲዮ ይሰማል። እኔ ይኸው ማታም ጠዋትም ከጥያቄው ጋር ነኝ።

ለእነሱ ነው። ለእነሱ ነው የምሰጋው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ቆሼ ደርሼ መጣሁ። ወቅቱ የበርበሬ ነው፤ በየግቢው ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። ከባጃጅ ሳልወርድ ማስነጠስ ጀመርኩ።

እትዬ ሳሌሃ ደህና ናቸው። ልጃቸው ጥሩ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ጥላ ሥር ተቀምጠው የሻገተውን በርበሬ ከደህናው ይለያሉ። ከባድ ሥራ አይደለም። ዓይናቸው ያለቅሳል፤ በእጃቸው እንዳይጠርጉት እጃቸው በርበሬ ነው፣ ስለዚህ በትከሻቸው ይጠርጉታል። ከጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ እዚያው እንደሚቀመጡ ምራታቸው ነገረችኝ። ደህና ናቸው።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ ሳሌሃ።"

"ወዓለይኩም ሰላም። ኑኃሚን ነሽ?" አሉ። ፊት ለፊታቸው ነበርኩ። "በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ። ቁጭ በይ፣ በርበሬው ላይ እንዳትረግጪ።"

ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ ነገሩን አነሳሁት። አንዲት እንግዳ እንደምትመጣ፣ ለአንድ ቀን ብቻ መጥተው እንዝርታቸውን ይዘው ቢቀመጡልኝ እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ልፈትል?"

"ቢቀመጡ ይበቃል። ብትጠይቅዎት ብቻ፣ ክሩን የምፈትለው እኔ ነኝ ቢሏት።"

አንድ በርበሬ አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። የትኛው ክምር ላይ እንደሚጥሉት ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው።

"ካልመጣሁስ?"

"ካልመጡማ ምን ይደረጋል። ሴትዮዋ ሥራዋን ለሌላ ትሰጣለች። ሁላችንም እንበተናለን።"

"ፈቲሀም?"

"ሁላችንም፣ እትዬ ሳሌሃ።"

"እመጣለሁ" አሉ። "ከዋዜማው መጥቼ ከፈቲሀ ጋር አድራለሁ።"

አላስፈራራኋቸውም። የሆነውን ነው የነገርኳቸው። እውነት ነዋ፤ ሥራው ከተቋረጠ ፈቲሀም ትቀራለች። መንገዱን ሁሉ ይህንን ነው ስል የመጣሁት፣ አላስፈራራኋቸውም። አምስት ኪሎ በርበሬ ገዝቼላቸው ነው የተመለስኩት። ምራታቸው በደስታ ነው የመዘነችልኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ውሃ ቧንቧው ጋ እጄን ስታጠብ ብርቱካን ከግድግዳው ወዲያ ለአንዲት ፈታይ ስትናገር ሰማኋት። "እትዬ ሳሌሃ መቼም አይመለሱም ብዬ ነበር። በሰው ፊት 'እጅዎ ከብዷል' ተብለው?"

እንደዚያ አይደለም ያልኩት። ክሩ እየተበጣጠሰ ነበር። ምንተስኖትም ተናግሯል። ያልኩት፣ እረፍት ቢያደርጉ ይሻላል ነው።

ወደዚያ የሚመስል ነገር ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ኖራው ተቀባ። ገንዳው ተጠገነ። የእሳት ማጥፊያው ተሰቀለ። ለእያንዳንዷ አዲስ ሽርጥ ተሰፋ። ብርቱካን ከለበሰችው በኋላ መስታወት አጣች፤ በስልክ ፎቶ ተነሥታ አየችው።

የፋብሪካውን ክር በሁለት ባጃጅ ቤት አስገባሁት። አልጋ ሥር አልበቃ ብሎ ግማሹ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ሽፈራው ከትምህርት ቤት ሲመለስ አየው። ሸሚዙን የሚያወጣበት አጥቶ ትንሽ ቆመና ሸሚዙን ሳይቀይር ወጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

 ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

ኢንግሪድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሽበታም፣ ረዘም ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። ሁሉንም በእጇ ጨበጠች። መጋዘኑን አየች፤ ያለችን ጥቂት የእጅ ፈትል ከፊት ተደርድራለች። ምንተስኖት ጋ ቆማ መወርወሪያው ሲመላለስ ብዙ ቆየች። እሱ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር።

እትዬ ሳሌሃ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ነጭ ሻሽ አስረዋል፣ እንዝርቱ እጃቸው ላይ ነው። ኢንግሪድ አየቻቸው። መሬት ላይ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ የሕፃን መጠቅለያ አወጣች። የእኛ ነው። ሰኔ ላይ የላክነው፣ የጫፉን ቀለም አወቅሁት።

"የልጅ ልጄ የተጠቀለለችው በዚህ ነው" አለች። "አንቺ ነሽ የፈተልሽው? ጠይቂልኝ።"

ተረጎምኩ።

እትዬ ሳሌሃ መጠቅለያውን ተቀበሉ። ዓይናቸውን አላስጠጉም፤ በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸው ቆመ። ሌላ ቦታ ላይ አሹት፤ እዚያም ቆመ። ያንን አየሁ። ከክፍሉ ውስጥ ያንን ያየን እኔና ምንተስኖት ብቻ ነን ብዬ አስባለሁ።

"አዎ" አሉ። "እኔ ነኝ የፈተልኩት። በደስታ ነው የፈተልኩት በያት።"

ደስታ የሚለውን ከየት አመጡት? ካርዱ ላይ ያለውን ፈቲሀ አንብባላቸው ኖሯል።

ኢንግሪድ እኔን ትጠብቃለች። አፌን ስከፍት እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት፦ "እሳቸው አይደሉም የፈተሉት። ይህ የፋብሪካ ክር ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እዚህ አይሠሩም። ያባረርኳቸው እኔ ነኝ።"

ጀግንነት አልነበረም። አስቤም አልነበረም። ያ ጣት እንደገና ቢቆም መቋቋም አልቻልኩም ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ኢንግሪድ "ድገሚልኝ" አለች። ደገምኩት።

የፈቲሀ ስፌት መኪና ዝም አለ። ፈቲሀ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛ ትሰማለች። ተነሥታ መጣችና በእናቷ አጠገብ ቆመች።

"እማ፣ አንቺ ያልሽውን አላለችም።"

"ምን አለች?"

ነገረቻቸው። ቃል በቃል፣ ምንም ሳትጨምር። እትዬ ሳሌሃ መጠቅለያውን አጥፈው ለኢንግሪድ መለሱላት። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ቢያንስ ይገላገላሉ ብዬ ነበር።

"እኔ የዋሸሁት ለልጄ ነው" አሉ። "ኃጢአቱ የኔ ነበር፤ ተሸክሜው ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። አንቺ ማን ሆነሽ ነው ከአፌ የምትወስጂው? መጋቢት ላይ ሥራዬን ወሰድሽ። ፊቴን ወረቀት ላይ ለጠፍሽ። ዛሬ ደግሞ ቃሌን።"

ኢንግሪድ "ምን አለች?" ትለኛለች። የተረጎመችው ፈቲሀ ናት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ግን ሁሉንም።

እናትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። እንዝርቱ መስኮቱ ሥር ቀረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ኢንግሪድ ጠዋት ሄደች። ስትሰናበተኝ አልተቆጣችም። "ስለ ክሩ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር" አለች። ካርዶቹን ከሱቆቹ ሁሉ እንደምታስነሣ፣ ለደንበኞቿም እውነቱን እንደምትነግር፣ ስለ ቀጣዩ ሥራ ግን አሁን ቃል መስጠት እንደማትችል ነገረችኝ።

እንግዲህ መጋቢትን ልጻፈው። እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም።

ልብሱ ሊጫን አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። የእትዬ ሳሌሃ ማግ ሸማኔዎቹ እጅ ላይ ይበጠሳል። ዓይናቸው እንደታመመ አውቅ ነበር፤ ጥጡን ወደ መስኮት ይዘው ሲያዩ ሰንብተዋል። ጠርቼ ብቻቸውን ላናግራቸው እችል ነበር። ሁሉም ሰው በተሰበሰበበት፣ ፈቲሀ ባለችበት፣ እንዝርቱን ከእጃቸው ወሰድኩትና እንዲህ አልኳቸው፦ "እትዬ ሳሌሃ፣ እጅዎ ከብዷል። እዚህ የተሰበሰብነው ለጽድቅ አይደለም።"

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃሉ ይኸው ነው።

ነጠላቸውን አንሥተው፣ ሴቶቹን በየተራ ተሰናብተው ወጡ። እኔ ያን ዕለት ማታ ቸርች ውስጥ ዘምሬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

የኢንግሪድ ደብዳቤ መጣ። የበልጉ ሥራ ቀርቷል። ሴቶቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ፈቲሀም ነበረች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም፣ አንድም ቃል አላናገረችኝም።

መጀመሪያ የተናገረችው ብርቱካን ናት።

"እውነቱን መናገርሽን አልጠላሁም። ግን ለማን ብለሽ ነው የተናገርሽው? አንቺ ልብሽ ቀለለሽ፤ እኛ ልጆቻችንን ይዘን ቀረን። ከመናገርሽ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን፣ ምን ይሻለናል ብለሽ ብትጠይቂን ምን ነበረበት?"

"ብጠይቃችሁ ምን ትሉኝ ነበር?"

"አላውቅም። ግን እናወራበት ነበር። ክሩን እኮ ሁላችንም እናውቀው ነበር። እጃችን ላይ ነው የሚያልፈው።"

ሁሉም ያውቁ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ እኔ ከእነሱ፣ እነሱ ከእኔ ደብቀነዋል።

ምንተስኖት ከኋላ ሆኖ "እኔም በድያለሁ" አለ። "ፈትሉ ይበጠሳል ብዬ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። የእትዬ ሳሌሃ ዓይን እንደታመመ ግን አልተናገርኩም።"

ከዚያ በኋላ ነው ጭቅጭቁ ሥራ የሆነው። ያንን የፋብሪካ ክር የፋብሪካ ክር ነው ብለን ለገዛ ገበያችን ጋቢና ብርድ ልብስ ብንሠራውስ አለች አንዷ። ሰው እንዳይቀነስ ቀኑን እንከፋፈለው አለች ሌላዋ። ተራውን ራሳቸው አወጡ። እኔን የጠየቁኝ ክሩ የት እንዳለ ብቻ ነው። መኝታ ቤቴ ነው አልኳቸው። ብርቱካን ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ከዚያ ሌሎቹም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ግን ደረቴ ትንሽ ተነፈሰ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ቆሼ ሄድኩ። ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። ሽፈራው "ምንም አትያዢ፤ ስጦታ ከያዝሽ ከይቅርታው ጋር ያምታቱታል" ብሎኝ ነበር። ይህ ሰው አንዳንዴ ሲያናድደኝ ልክ ስለሆነ ነው።

እትዬ ሳሌሃ እዚያው ቦታ ነበሩ። ጎን ለጎን ተቀምጬ አብሬያቸው በርበሬ መለየት ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ለየን። ዓይኔ ተቃጠለ። እጄን ሳላስበው ወደ ዓይኔ ሰደድኩና የባሰ ሆነ። እሳቸው ውሃ አስመጡልኝ።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"የትኛውን?"

ይህን አልጠበቅሁም። "የመጋቢቱን። የካርዱን። የዚያን ቀኑንም። ሁሉንም።"

"ሁሉንም ያለ ሰው አንዱንም አላነሣም" አሉ። ቀጥለው ትንሽ አሰቡ። "መጋቢት ላይ ያልሽኝን ያልሽው በሰው ፊት ነው። ልጄ እየሰማች። እዚህ በርበሬ ክምር ሥር ይቅር በይኝ ብትይኝ ማን ይሰማል? ዶሮ ነው የሚሰማ።"

"እንግዲህ ምን ላድርግ?"

"ሐሙስ እመጣለሁ። የምታመጣኝ ግን ፈቲሀ ናት። አንቺ አታምጪኝ።"

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

መጡ። ወንበር አቀረብንላቸው፤ አልተቀመጡም። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ቆሙ። ሸማኔዎቹ ከጉድጓዳቸው ወጡ።

የምለውን ጽፌ ይዤ ነበር። ወረቀቱን አላወጣሁትም። መጋቢት ላይ ያልኳቸውን ቃል በቃል ደገምኩት፤ እንዝርቱን ከእጃቸው እንደወሰድኩም ተናገርኩ። "ዓይንዎ እንደታመመ አውቅ ነበር። ያስተማሩኝን ሰው በሰው ፊት አዋረድኩ። ፎቶዎን ሳላስፈቅድዎ ሸጥኩበት። ምን እንደተጻፈበት ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት። ሊዋሹልኝ እንዲመጡ በልጅዎ አስፈራራሁዎት። በመጨረሻም ያላሉትን አሉ አልኩ።" በልጅዎ አስፈራራሁዎት ስል ፈቲሀ ወደ እናቷ ዞረች። ያንን እስከ ዛሬ አልነገሯትም ኖሯል።

ማንም አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። ከውጪ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

"ሰምቻለሁ" አሉ እትዬ ሳሌሃ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ጠበቅሁ። አላሉም።

"ተመልሰው ይምጡ" አልኳቸው።

"ዓይኔ አይፈትልም። ጣቴ ግን ጥጥ ያውቃል። ገበሬዎቹ ጥጥ ሲያመጡ ጥሩኝ፤ ንጹሑን ከተበላሸው እለይላችኋለሁ። እንደ ማንኛዋም ሠራተኛ ደመወዝ ታስቢልኛለሽ። ያንን ወረቀት ደግሞ ከነፊቴ አቃጥዪው።"

ብርቱካን ካርዶቹን በካርቶን አወጣቻቸው። ቀለም የምናፈላበት እሳት ውስጥ ገቡ። እትዬ ሳሌሃ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ "ፈቲሀን ለግማሽ ቀን ልቀቂልኝ፤ ዓይን ሐኪም ቤት ትወስደኛለች" አሉኝ።

"ሽፈራው ሐኪም ያውቃል፣ እኔ ልውሰ..." ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

"እሺ" አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዓይናቸው ሞራ ነው ተብሏል፤ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ጋቢዎቹ እየተሸጡ ነው። እንደ መጠቅለያው አያምሩም፤ የፋብሪካ ክር መሆኑን ብርቱካን ለገዢው ሁሉ ሳይጠይቃት ትናገራለች። ጥጥ ከሚያመጡልን የቆላ ገበሬዎች ጋር ተነጋግረናል፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ አዲሱን ጥጥ ለመጋቢት ያደርሱልናል። እትዬ ሳሌሃን ተከትለው ከቀሩት ሁለት ፈታዮች አንዷ ትናንት መጥታ በር ላይ ቆማ ቤቱን አይታ ሄደች። ትመለስ ይሆናል።

ዛሬ ኢንግሪድ ጻፈች። ግንቦት ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ሁለት ቀን ትቆያለች፤ እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ ማነጋገር ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ አብረን እንቀጥል እንደሆነ ትወስናለች። አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፤ አስተርጓሚዋ እኔ እንዳልሆን።

ደብዳቤውን ለሴቶቹ ማንበብ ነበረብኝ። ያቺን መስመር ስደርስ ልዝለላት ወይስ ላንብባት ብዬ አመነታሁ። አነበብኳት።

ትንሽ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ብርቱካን "ፈቲሀ ትሁንልን" አለች። ሁሉም እጅ አወጡ።

ፈቲሀ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና፣ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አየችኝ።

"እኔ ያሉትን ነው የምናገረው፣ እትዬ ኑኃሚን" አለች። "ስለ እርስዎ ክፉ ቢሉም።"

"እሺ" አልኳት። ምን ሊሉ እንደሚችሉ አልጠየቅኋትም።